ለመኪና ተወዳዳሪ የገባ ስለት

ባለፈው ሐምሌ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ዓባይ ማዶ ካለው ቤቴ ሳልደርስ ዝናብ ያዘኝ። የባጃጁ ሾፌር ውሃው ሞተሩን እንደሚያጠፋበት ነግሮኝ ከድልድዩ ወዲህ አወረደኝ። በአቅራቢያው ወዳለ ምግብ ቤት ገባሁ። በግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን የመኪና እሽቅድምድም ይታይ ነበር፤ እዚያም ይዘንባል። መኪኖቹ ቆመዋል፤ ነጂዎቹ በጃንጥላ ተጠልለው ሰማዩን ያያሉ። አስተናጋጁ ትሪውን በብብቱ ይዞ ጥቂት ተመለከተና ለባልደረባው፦

«ለዚህች ዝናብ ነው? ያን ሁሉ ደመወዝ እየበሉ!» አለው።

«እኛ በዝናብ ስንላላክ ማን አቁሙ አለን?» ብሎ ባልደረባው ሣቀ።

አላረምኋቸውም። ሠላሳ ዓመት ያህል ፊዚክስ ሳስተምር ካገኘኋቸው ጥቂት ጥቅሞች አንዱ፣ ያልተጠየቀ ነገር ማስረዳት ከንቱ መሆኑን ማወቄ ነው። ሻዩ እስኪመጣልኝ ድረስ ግን በዝናብ ምክንያት የቆመ ሌላ ሰው አስታወስሁ። ሰውየውን አይቼው አላውቅም። እርሱም ባሕር ዳር የምትባል ከተማ መኖሯን ሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

አባቴ አቶ ደምሴ የአንድ ፋብሪካ ጋራዥ ኃላፊ ነበሩ። ሙያውን የተማሩት በወጣትነታቸው አሥመራ ውስጥ ከአንድ ጣሊያናዊ መካኒክ ዘንድ ነው፤ ከሙያው ጋር የእሽቅድምድም ፍቅር ይዘው ተመለሱ። እናታችን ቀደም ብላ ስላረፈች፣ በቤቱ የቀረነው እርሳቸው፣ ታላቅ ወንድሜ መስፍንና እኔ ነበርን። ባሕር ዳር ከገቡ በኋላ ከእሽቅድምድም የቀራቸው ሬዲዮ ብቻ ነበር። ሬዲዮው የሚያመጣው የውጭ ጣቢያ በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ አባቴ ደግሞ የሚያውቁት ጣሊያንኛ ነው። ስለዚህ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ መተርጎም የእኔ ሥራ ሆነ። ከወንዶች ጋር እንድቀመጥ የተፈቀደልኝም በዚህ ምክንያት ብቻ ነበር።

የምናገረው ስለ 1968 ዓ.ም. ነው። ደርግ ሥልጣን ከያዘ ሁለት ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። አባቴ ሁለት ወዳጆቻቸውን አስተባብረው ሬዲዮ መስማትን እንደ ጽዋ ማኅበር አደረጉት። ውድድር ባለበት እሑድ ሁሉ በተራ በአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ባለ ተራው ዳቦና ጠላ ያቀርባል፤ ሬዲዮው በጨርቅ ተጠቅልሎ ከቤት ወደ ቤት ይሄዳል። አንደኛው አባል የጭነት መኪና ሾፌር የነበሩት ጎረቤታችን አቶ ውብሸት ናቸው። ሁለተኛው መሪጌታ ጥበቡ የቅኔ መምህር ሲሆኑ፣ በሕይወታቸው ብስክሌት እንኳ ነክተው አያውቁም፤ የሚመጡት ለክርክሩ ነበር።

በዚያ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ዕጣ ተጣጣሉ። በማኅበር ዝክር በዕጣ እንደሚደርስ፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ ነጂ እንዲደርሳቸው ነው። አባቴ ብሎን፣ አቶ ውብሸት ቁልፍ፣ መሪጌታ ጠጠር ባርኔጣ ውስጥ ጣሉ። እኔ የነጂውን ስም እጠራለሁ፤ መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ያወጣሉ። ለአባቴ ያለፈው ዓመት ሻምፒዮን፣ ቀይ መኪና የሚነዳው ኦስትሪያዊ ደረሳቸው። ለአቶ ውብሸት ጸጉሩን ያስረዘመው እንግሊዛዊ፤ ለመሪጌታ ደግሞ በዚያ ዓመት አዲስ የወጣችው ባለ ስድስት ጎማ መኪና ነጂ።

«ስድስት?» አሉ መሪጌታ። «ሱራፌልም ክንፋቸው ስድስት ነው። ዕጣዬ ቀንቷል።»

«መሪጌታ፣ ክንፍና ጎማ ለየቅል ነው» አሉ አቶ ውብሸት። «ስድስት ጎማ ማለት ስድስት ጊዜ መፈንዳት ነው። ይኸን እኔን ይጠይቁኝ።»

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በክርክር አለፈ። እንግሊዛዊው በስፔን ቀድሞ ሲገባ መኪናህ ከተፈቀደው በጣት ሰፍታለች ብለው ዳኞቹ ድሉን ነጠቁት፤ በክረምቱ መለሱለት። አቶ ውብሸት ጉዳዩን የገዛ ርስታቸው የተነጠቀ ያህል ይከራከሩበት ነበር። ርስትና ትርፍ ቤት በአዋጅ የተወሰደበት ሰው በሞላበት ከተማ፣ አንድ እንግሊዛዊ የተነጠቀው እንደተመለሰለት መስማት ለሦስት ጎልማሶች መጽናኛ ሆነ። በወቅቱ አስቂኝ መስሎኝ ነበር። አሁንም አስቂኝ ነው።

መስፍን ከተማሪዎች ዘመቻ የተመለሰው በሐምሌ ነው። ዕድሜው ሃያ ገደማ ነበር። ከስቶ፣ ቃላት ቆጥቦ፣ ድንገት በር ሲንኳኳ ፊቱ እየተለዋወጠ መጣ። አባቴ ልዩነቱን ማስተዋላቸውን እጠራጠራለሁ፤ ትኩረታቸው ሌላ ሰው ላይ ነበር።

በዚያው ወር መጨረሻ ኦስትሪያዊው ጀርመን ውስጥ ባለ ረጅም የጫካ መንገድ ሲወዳደር መኪናው ከዳር ተላትማ በእሳት ተያያዘች። ሌሎች ነጂዎች ቆመው ከእሳቱ አወጡት። ወሬውን የሰማነው በእኛ ቤት ነው፤ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ስለሚወርድ ጆሮዬን ከሬዲዮው አስጠግቼ በየዓረፍተ ነገሩ ተረጎምሁ። በማግሥቱም በሠለስቱም ተሰበሰቡ። ሳንባው ተቃጥሏል፤ ቄስ ተጠርቶ የመጨረሻውን ጸሎት አድርሶለታል አልሁ። አባቴ ተነሥተው ወደ በረንዳው ወጡ። ሲመለሱ ትከሻቸው ርሶ ነበር።

«ተስያለሁ» አሉ። «ከተረፈ ለጣናው ደሴት ገዳም የከፋይ ጃንጥላ አስገባለሁ።»

«በጎ አደረጉ» አሉ መሪጌታ። «ለጸሎቱ ግን ስም ያሻል። የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

ሬዲዮው እንዳልተናገረ ገለጽሁ።

«ካቶሊክ ነው እኮ መሪጌታ» አሉ አቶ ውብሸት።

«ካቶሊክም ይጠመቃል። እኔ የጠየቅሁ ስሙን ነው። ስም የሌለውን ሰው በምን እናንሣው? ባለ ቀይ መኪናው ብለን?»

አባቴ ዙሪያውን ተመለከቱ። መስፍን ዳቦውን ይዞ ከጥግ ተቀምጧል።

«ወልደ ገብርኤል በሉት» አሉ።

«አባባ፣ የእኔ ስም ነው እኮ!» አለ መስፍን።

«ለጊዜው ነው። አንተ ምን ሆንህ? ጤነኛ ነህ።»

«እንግዲያው ሲድን መልሱልኝ።»

ሁሉም ሣቁ። መሪጌታ ስም ውሰት እንደማያውቅ ለመናገር ጀምረው ተዉት፤ «ይሁን፣ ለማን እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቃል» አሉ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በአንድ የጣና ደሴት ላይ የወንድሜ የክርስትና ስም ለተቃጠለ ኦስትሪያዊ ሲነሣ ከረመ። የእኔን የክርስትና ስም በምንም ጉዳይ የጠየቀ አልነበረም። ይህን የምጽፈው ለትክክለኛነት ያህል ነው።

ሰውየው ዳነ። መስከረም 2 ቀን 1969 ዓ.ም. ጠዋት ከተማው በሙሉ ለአብዮቱ ሁለተኛ ዓመት ሰልፍ ወጣ፤ እኛም በቀበሌያችን ተሰልፈን አረፈድን። ከሰዓት በኋላ ጫማችን ጭቃ እንደ ያዘ አቶ ውብሸት ቤት ተሰበሰብን። ኦስትሪያዊው ቁስሉ ሳይጠግግ ጣሊያን ውስጥ ወደ ውድድር ተመልሶ አራተኛ ወጣ። አባቴ አለቀሱ። ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ስለቱን ለማስገባት በመስከረም አጋማሽ በሞተር ጀልባ ሄድን። ውሃው ከክረምቱ ጎርፍ ቡናማ ነበር፤ ዳርቻውን ደንገልና ቢጫ አበባ ይዞታል። አባቴ በወረቀት የተጠቀለለውን ጃንጥላ ታቅፈው ተቀመጡ፤ ከሞተሩ ድምፅ ተነሥተው ካንዴላው መጽዳት እንዳለበት ለጀልባ ነጂው ነገሩት። ደሴቱ ላይ ሴት አትወርድም። ስለዚህ የመዳኑን ወሬ ከእንግሊዝኛ ያወጣሁት እኔ ጀልባው ላይ ቀረሁ፤ አባቴና መሪጌታ ሽቅብ ወጡ። ጀልባ ነጂው ካንዴላውን ፈትቶ ከዳር ተቀምጦ ያጸዳ ጀመር። መስፍን ከአባቴ ጋር መውጣት ሲችል አብሮኝ ቆየ።

«እቴ፣ የምነግርሽን ለማንም አትናገሪ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

በዘመቻው ሳለ ከአንድ በኅቡዕ ከሚንቀሳቀስ ቡድን ገብቶ ነበር። የአቶ ውብሸት ልጅ ተስፋዬም አብሮት ገብቷል። መጀመሪያ ያነቡ፣ ይከራከሩ ነበር፤ አሁን ግን የጦር መሣሪያ ወሬ መጥቷል።

«እኔ ሰው ልገድል አልገባሁም። መግደልም መሞትም አልፈልግም» አለ። «ብወጣ ጓደኞቼ ከዳተኛ ይሉኛል፤ ብቀር ቀበሌው ይይዘኛል። በጎርጎራው ጀልባ ጣናን ልሻገር ነው። ከዚያ ወደ ሱዳን የሚያሳልፈኝ ሰው አለ።»

«ተስፋዬስ?»

«እርሱ ይቀራል። ለምኜዋለሁ።»

«መቼ ነው የምትሄድ?»

«አባባ ሲመርቁኝ። ሳይመርቁኝ አልሄድም። የመጨረሻው ውድድር በጥቅምት ነው፤ የእርሳቸው ሰው እየመራ ነው አይደል? ሲያሸንፍ ደስ ይላቸዋል። ያን ጊዜ እነግራቸዋለሁ።»

አንድ ወጣት የራሱን ሕይወት በማያውቀው ሰው ድል ላይ ማንጠልጠሉ በዚያ ዕድሜዬ እንኳ ስሌት የጎደለው መሆኑ ይታየኝ ነበር። ነገር ግን በእኛ ቤት ለአባቴ ከባድ ነገር የሚነገረው ደስ ባላቸው ሰዓት ነው፤ እርሳቸውን ደስ የሚያሰኘው ነገር ደግሞ በጣም ጥቂት ነበር። መስፍን የመረጠው ያለውን ብቸኛ መንገድ ነው።

የመጨረሻው ውድድር የጥቅምት አጋማሽ እሑድ ላይ ዋለ። ሰማዩ ጠርቷል፤ በከተማው ጥጋ ጥግ ጤፉ አሽቷል። ተራው የእኛ ነበር። መስፍን የታጠበ ሸሚዝ ለብሷል፤ የጎርጎራው ጀልባ በማግሥቱ ጠዋት ይነሣል። ኦስትሪያዊው በሦስት ነጥብ ይመራ ስለነበር አባቴ አንድ በግ አሳርደው ነበር። ጃፓን ከእኛ ቀድማ ስለምትመሽ ወሬው በምሳ ሰዓት ደረሰ።

«ጃፓን ውስጥ ከባድ ዝናብ ጥሏል» ብዬ ጀመርሁ። «መንገዱ በጭጋግ ተሸፍኗል። ውድድሩ ዘግይቶ ተጀመረ። ሻምፒዮኑ ሁለት ዙር ነድቶ ቆመ።»

«ሞተሩ ምን ሆነ?» አሉ አባቴ።

«ሞተሩ አይደለም። ራሱ ነው ያቆመው።»

«ደኅና አድርገሽ ስሚ።»

«ሰምቻለሁ አባባ። አደገኛ ነው ብሎ ወረደ።»

እንግሊዛዊው ሦስተኛ ወጥቶ በአንድ ነጥብ ሻምፒዮን ሆነ። አቶ ውብሸት አልጨፈሩም። ጠላቸውን አስቀምጠው የአባቴን ፊት ተመለከቱ።

«ደምሴ፣ ዝናብ ነው እኮ» አሉ። «እኔስ የዓባይን ቁልቁለት በጭጋግ ስወርድ ስንት ቀን አቁሜ አድሬአለሁ።»

«አንተ ሾፌር ነህ። እርሱ ሻምፒዮን ነው።»

«ሻምፒዮን ነፍስ የለውም?»

«ነፍሱንማ የለመንሁለት እኔ ነኝ!» ብለው ጮኹ። «እኔ ለምኜ ያተረፍኋትን ነፍስ በዝናብ ፊት ሳሳላት! ለዚህ ፈሪ ነው ጃንጥላ ያስገባሁ?»

አባቴ የለመኑት ሰውየው በሕይወት እንዲኖር ነበር፤ ሰውየው በሕይወት መኖርን መረጠ። በዚያ ክፍል ውስጥ ይህን የተናገረ አልነበረም። መሪጌታ ጺማቸውን ዳበሱ።

መስፍን ዝም ቢል ጀልባው ሊያመልጠው ነው። ተነሣ።

«አባባ፣ ለብቻዎ የምነግርዎ ነገር ነበረኝ» አለ።

«እዚሁ ተናገር። ከእነዚህ የምደብቀው የለኝም።»

መስፍን እኔን አየኝ፤ ቀጥሎም መሬቱን። «አንድ ነገር ውስጥ ገብቼ ነበር። ትቸዋለሁ። ስለዚህ እዚህ መቀመጥ አልችልም። ነገ በጎርጎራው ጀልባ እሻገራለሁ። ይመርቁኝ።»

አባቴ ወደ እርሱ ዞሩ።

«አንተም ሁለት ዙር ነድተህ ነው?» አሉት።

«አዎ፣ አባባ።»

«የጀመረውን ያልጨረሰ ሰው ከእኔ ምርቃት አያገኝም።»

አባቴ የወንድሜን ቡድን አይወዱትም ነበር፤ ቢጠየቁ ሁሉንም በአንድ ጅራፍ ይገርፉ ነበር። እንዲቀጥል የፈለጉት ነገሩን አምነውበት አይደለም። መቆም ስለሚያሳፍር ብቻ ነው። እንዲህ ላለው አስተሳሰብ ከዚያ በኋላ በየጉባኤው የተለያየ ስም ሲሰጠው ሰምቻለሁ፤ ይዘቱ ግን ያው ነው።

በማግሥቱ መስፍንን ወደብ ያደረስሁት እኔ ነኝ። ከእህል ጆንያዎች መካከል መሪጌታ ጥበቡ ቆመው አገኘናቸው፤ ሳይጠሩ መጥተው ነበር። መስፍን ጉልበታቸውን ሳመ፤ እርሳቸው መስቀል ስለሌላቸው እጃቸውን ጭንቅላቱ ላይ ጭነው የሚሉትን አሉ። ጀልባው በመንገዱ ወዳለችው ወደ ቁንዝላ ሲያመራ መስፍን ዞሮ አላየንም። ምርቃቱ ከአባቱ አፍ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር።

መሪጌታ ከወደቡ ቀጥታ ወደ አባቴ ሄዱ፤ እኔም ተከተልሁ።

«አቶ ደምሴ» አሉ ሳይቀመጡ፤ «ከሐምሌ ጀምሮ ስናነሣ የከረምነው የልጅዎን ስም ነው። ይትረፍ አልን፤ ተረፈ። ታዲያ ጠቡ ከማን ጋር ነው?»

«እኔ ለልጄ አልተሳልሁም» አሉ አባቴ።

«ይህንንማ አወቅን» ብለው መሪጌታ ወጡ።

ለጎረቤት መስፍን ለሕክምና ወደ ዘመድ ሄዷል ተባለ፤ ወሬውን ያዘጋጁት አባቴ ናቸው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ስለ ኦስትሪያዊው እንዳነበብሁት፣ በጃፓን ከመኪናው ሲወርድ የቡድኑ ሰው ሞተሩ ተበላሸ ልንልልህ እንችላለን ብሎት ነበር። አልፈለገም።

ተስፋዬ በዚያው ዓመት፣ በበልግ፣ ከቤቱ ተወሰደ። የአቶ ውብሸት ቤተሰብ አስከሬኑን አላገኘም፤ ድንኳን መጣልና ማልቀስም አልተፈቀደለትም። አባቴ እንደ ተራ ጎረቤት፣ ነጠላ ሳያዘቀዝቁ፣ ከሰዓት በኋላ ሄደው ተቀመጡ። እኔም አብሬ ነበርሁ። የቤቱ መስኮት ተዘግቷል። አባቴ ወደ አቶ ውብሸት ጠጋ ብለው፦

«ልጅህ ወንድ ነበር ውብሸት። እስከ መጨረሻው ሄደ» አሏቸው።

አቶ ውብሸት ቀና አሉ። ድምፃቸው ከወትሮው አልተለየም።

«ወንዱን ውሰድና ፈሪውን ስጠኝ» አሉ።

ማኅበሩ ከዚያ ወዲያ አልተሰበሰበም።

መስፍን ካርቱም ደረሰ፤ ከዚያም ወደ ሆላንድ ተሻገረ። ደርግ ወድቆ መንገዱ ሲከፈት ልምጣ ብሎ ላከ፤ አባቴ መልስ አልሰጡም። ስልክ ሲደውል መቀበያውን አልነካም እንዳሉ ሃያ ዓመት ያህል ኖሩ። የሚጦራቸው ሰው ስላስፈለገ እኔ ዶክትሬቴን ይዤ ከውጭ አገር ተመለስሁ። በተመለስሁ ዕለት የጠየቁኝ በነበርሁበት አገር እሽቅድምድም አይቼ እንደ ሆነ ነው። አላየሁም አልሁ። አዘኑብኝ። ሲያርፉም የመስፍንን ስም አላነሡም፤ ይህን ለመስፍን እንዳለ ነግሬዋለሁ። ቢያንስ ጠይቀውህ ነበር ብዬ ላጽናናው እችል ነበር። ውሸት ግን ሲያጽናና አይቼ አላውቅም።

ወንድሜ አሁን ጡረተኛ ነው። እውነቱን ለመናገር አሰልቺ ሰው ሆኗል። አንዱን ወሬ ሦስት ጊዜ ይነግረኛል፤ ስለ ጡረታው፣ ስለ ጎረቤቱ ውሻ፣ ከሁሉም በላይ ስለ ቀኝ ጉልበቱ። አባቴ አፍረው የተዉት፣ አቶ ውብሸትም እስኪሞቱ የተመኙት ይህንኑ ነበር፤ ጉልበቱን የሚያመው፣ ወሬ የሚደጋግም ሽማግሌ ልጅ። ከዚህ የበለጠ ትርጉም ፈልጌበት አላገኘሁም።

ዝናቡ ባባራበት በዚያ እሑድ ቤቴ እንደ ገባሁ ደወለ። ሐኪሙ ስለ ጉልበቱ ያለውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ይነግረኝ ገባ፤ በቀደመው እሑድም ነግሮኝ ነበር። አላቋረጥሁትም።